ዳቮስ፦ ሁሉም ሰው «ስብሰባ ላይ» የሚሆንበት ሳምንት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በየዓመቱ ጥር ሲገባ፣ እኛ ታቦት አጅበን ጃንሜዳ በምንወርድበት ሰሞን፣ የአገር መሪዎችና የትልልቅ ኩባንያ አለቆች የሚገናኙበትን ዓመታዊ ስብሰባ ይዞ ቴሌቪዥኑ «ዳቮስ፣ ዳቮስ» ማለት ይጀምራል። በረዶ ላይ የቆመ ጋዜጠኛ፣ ከኋላው ጥድ፣ ከጥዱ ኋላ ተራራ። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። ጓደኛ ይጠይቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ አንዴ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ጠይቆኛል። ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዳቮስ የስብሰባው ስም ነው የቦታው?

የቦታው። በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ ግራውቡንደን በሚባል ካንቶን (የነሱ ክልል) ውስጥ ያለች የተራራ ከተማ ነች። ነዋሪዋ 11 ሺህ ገደማ ነው። እዚያ ስብሰባውን የሚጠራው ድርጅት የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ይባላል። ዋና ቢሮው ደግሞ ዳቮስ ሳይሆን ጄኔቫ አጠገብ፣ ኮሎኚ ነው። የድርጅቱ ስም ረዘም ስለሚል ሰው በከተማዋ ስም ይጠራዋል።

ስለ ከፍታዋ ብዙ ይወራል። 1,560 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው ቁልቁለት ማለት ነው። ከስብሰባው በፊት ከተማዋ የታወቀችው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ንጹሕ አየር ፍለጋ በሚመጡባቸው ማገገሚያዎቿ ነበር። በኋላ የበረዶ ሸርተቴው መጣ፣ ከዚያ ሚኒስትሮቹ።

ማን ጀመረው?

ክላውስ ሽዋብ። ጀርመን ተወልዶ ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ፣ ያኔ ገና የ32 ዓመት ሰው። በጥር 1971 ከ400 በላይ የአውሮፓ ሥራ አስኪያጆችን ዳቮስ ጠራ። ዓላማው የአሜሪካኖቹን የአመራር ዘዴ ማስተዋወቅ ነበር፤ ፖለቲካ አልነበረበትም። ግን 1973 መጣ። የምንዛሪው ሥርዓት ፈረሰ፣ የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ የድርጅት ባለቤቶቹም ገበያቸውን የሚያምሰው የጎረቤት ኩባንያ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ መሆኑ ገባቸው። በ1974 ፖለቲከኞች ተጋበዙ። እኔ እንደሚመስለኝ እውነተኛው ዳቮስ የተወለደው ያኔ ነው። «የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም» የሚለው ስም የመጣው ደግሞ በ1987 ነው።

ሽዋብ በሚያዝያ 2025፣ በ87 ዓመቱ ከሰብሳቢነቱ ለቀቀ። ስም ያልተጠቀሰበት የክስ ደብዳቤ ወጥቶበት ምርመራ ተደረገ። በነሐሴ ቦርዱ ከባድ ጥፋት አልተገኘም አለና የኢንቨስትመንት ኩባንያው ብላክሮክ አለቃ ላሪ ፊንክንና የመድኃኒት አምራቹ ሮሽ ምክትል ሰብሳቢ አንድሬ ሆፍማንን በጊዜያዊነት ተባባሪ ሰብሳቢ አደረጋቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት በአንድ ሰው ዙሪያ የተሠራ ቤት ያለዚያ ሰው እንዴት እንደሚቆም ገና እየታየ ነው።

ዳቮስ ላይ ምን ይወሰናል?

ምንም።

ድምፅ አይሰጥም። ሕግ አይወጣም። የሚጸድቅ በጀት የለም። ተሳታፊው ሁሉ አገሩ ሲመለስ ዳቮስ ስለተባለ ብቻ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ይሄዳል?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱ ደግሞ ለኛ ከማንም በላይ ቅርብ ነው።

ጉዳይ ይዛችሁ መሥሪያ ቤት የተመላለሳችሁ ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ጸሐፊዋ አለች። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» ከሰዓት ትመለሳላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ ኑ ትባላላችሁ፣ ሐሙስ መስክ ወጥተዋል። ይሄ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የትልቅ ኩባንያ አለቃም የአንድ አገር የገንዘብ ሚኒስትርን ፊት ለፊት ለማግኘት ደብዳቤ ሲያመላልስ፣ ኤምባሲ ሲደውል፣ የረዳት ረዳት ሲለምን ወራት ይሄዱበታል። ዳቮስ ያቺን በር የሚያነሳ ሳምንት ነው። ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አንተም እዚያው ስብሰባ ላይ ነህ።

ለቅሶ ቤት አስቡት። ሦስት ዓመት ስትፈልጉት የነበረ ሰው ድንኳን ውስጥ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ጸሐፊ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ንፍሮ እየቃማችሁ «ያ ነገርህ እንዴት ሆነ?» ይላል፣ ትነግሩታላችሁ፣ «ሰኞ ብቅ በል» ይላችኋል። በቃ፣ አለቀ። ሰኞ ስትሄዱ ጸሐፊዋ ታስገባችኋለች። ዳቮስም እንደዚያ ነው፤ የሚለየው ሟች የሌለበትና ንፍሮው ውድ የሆነበት መሆኑ ነው።

በተግባር እንዲህ ይመስላል። የኮንግሬስ ማዕከሉ ውስጥ ከትልልቆቹ አዳራሾች ሌላ ሁለትና ሦስት ሰው የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ባለ ባጁ ሰው ክፍል ያስይዛል፣ አጠር ያለ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ በር ላይ ቀጣዩ ቆሟል። በሌላ ጊዜ አሥር የአውሮፕላን ጉዞ የሚፈልገውን ቀጠሮ አንድ ሚኒስትር በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሳል። መድረክ ላይ የምታዩት ንግግር ለካሜራ ነው። ሥራው ኮሪደሩ ላይ፣ ቡናው ጋ፣ ካፖርት መስቀያው ጋ ነው ያለው። የካፖርቱን ነገር የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። መንገዱ በረዶ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወፍራም ቦት ጫማ አድርጎ፣ ደህናውን ጫማ በከረጢት ይዞ ይመጣል። እናም ቢሊየነሩም ሚኒስትሩም በር ላይ ጎንበስ ብለው ጫማ ሲቀይሩ ይገናኛሉ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ከሚታገል ሰው ጋር ጨዋታ መጀመር ደግሞ ጠባቂ ከከበበው ሰው ጋር ከመጀመር ይቀላል።

ኮሪደር ላይ ወሬ ብቻ ነው? እኛ ቤት የደረሰ ነገር አለ?

አለ። ልጅ ያላችሁ የ45 ቀን ክትባት ታስታውሳላችሁ? ጤና ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ ተደርድሮ መጠበቅ፣ ካርዱን ማሳየት፣ ከዚያ ያቺ ጭን ላይ የምትሰጥ መርፌና ሰፈር የሚያደነቁር ለቅሶ። አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ኢትዮጵያ የገባው በ2007 ነው። በ2011 የሳንባ ምች መከላከያው፣ በ2013 ደግሞ የሮታ ክትባት ተከተለ። ለእነዚህ ክትባቶች መግዣ ትልቁን ድጋፍ ያደረገው ጋቪ የሚባለው ጥምረት ነው። ጋቪ በይፋ የተመሠረተው በጥር 2000፣ ዳቮስ ላይ ነው። መነሻው የጌትስ ፋውንዴሽን 750 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ሐሳቡ ዳቮስ ላይ አልተወለደም። የጤና ባለሙያዎች ቀድመው ሲሠሩበት ቆይተዋል። ግን ነገሩን ተመልከቱ፦ መድኃኒት አምራቹ የድሃ አገር ገበያ አያዋጣኝም ይላል፣ የድሃ አገር መንግሥት ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው ይላል፣ ለጋሹ ብሬ የት እንደሚገባ አላውቅም ይላል። ሦስቱ በየቢሯቸው ተቀምጠው ደብዳቤ ቢጻጻፉ መቼ ይግባባሉ? ሦስቱም አንድ ከተማ ውስጥ ሲውሉ ግን «ብዙ ከገዛን ትቀንስልናለህ?» ማለት ይቻላል። ጋቪ ሲጠቀለል ይሄው ነው፤ በጅምላ መግዛት። መርካቶ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሌሎችም አሉ። በ1988 ለጦርነት የተቃረቡት ግሪክና ቱርክ መሪዎች እዚያ ተገናኝተው መግለጫ ፈረሙ። በ1992 ኔልሰን ማንዴላና ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ማንዴላ ማዕድኑንና ባንኩን መንግሥት ይውረስ የሚለውን አቋማቸውን ያለዘቡት እዚያ ካገኟቸው ሰዎች፣ በተለይም ከቻይናና ከቬትናም መሪዎች ጋር ተነጋግረው እንደሆነ በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ልብ በሉ፣ ምክሩ የመጣው ከካፒታሊስቶቹ አይደለም። ለአገራቸው ጥሩ ሆነ ወይ የሚለው ላይ ደቡብ አፍሪካውያን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ተጣልተው አያውቁም?

አይጠፋም። በ2009 ያኔ የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤርዶዋን ከእስራኤሉ ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬዝ ጋር ስለ ጋዛ ሲከራከሩ አወያዩ ሰዓት አለቀ ቢላቸው «ዋን ሚኒት! ዋን ሚኒት!» ብለው ጥቂት ተናገሩና፣ ዳግመኛ ዳቮስ አልመጣም ብለው ወጡ። በ2022 ደግሞ ሩሲያ ኢንቨስተር የምትቀበልበት የነበረው ቤት በዩክሬኖች እጅ ገብቶ የሩሲያ የጦር ወንጀል ኤግዚቢሽን ሆነ። ያው በር፣ ያው መንገድ።

ከዓለም ባንክና ከአይኤምኤፍ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ግራ መጋባቱ ግን አይገርመኝም። ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ አባል መንግሥታት የሚይዟቸው ተቋማት ናቸው። ያበድራሉ፣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፣ ይፈርማሉ። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የሚያበድረው ሳንቲም የለውም። በሐምሌ መጨረሻ 2024 ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ከጀርባው የነበረው የ3.4 ቢሊዮን ዶላሩ የአይኤምኤፍ ፕሮግራም ነው እንጂ ዳቮስ አይደለም። ዘይት ለምን ተወደደ ብላችሁ ዳቮስን ከመራገማችሁ በፊት አድራሻውን አጣሩ ለማለት ነው።

ኢትዮጵያ ትሳተፋለች?

አዎ። እንዲያውም አንዴ ስብሰባው ራሱ እኛ ዘንድ መጥቷል። ፎረሙ የአፍሪካ ጉባኤ የሚባል ነበረው፤ የ2012ቱ ከግንቦት 9 እስከ 11፣ በኛ ደግሞ በግንቦት 2004 መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። አስተናጋጁ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ ከሦስት ወር በኋላ አረፉ። በዚያው ሰሞን ግሮው አፍሪካ የሚባል የእርሻ ኢንቨስትመንት መድረክም እዚሁ ተደርጓል። ሰባት አገሮች፣ ኢትዮጵያ አንዷ ሆና፣ ለግብርና ያዘጋጁትን ዕቅድ ለኩባንያዎች አቅርበዋል።

በጥር 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳቮስ ላይ ንግግር አድርገዋል። መደመርን ለፈረንጆቹ ያስረዱት ያኔ ነው። ሶሎሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት የመሠረተችው ቤተልሔም ጥላሁንም በ2011 ፎረሙ ከወጣት የዓለም መሪዎች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምም በዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነታቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ላይ እመለሳለሁ።

የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ የአገር ልዑካን ወደዚህ ዓይነት ስብሰባ የሚሄዱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «ለኢንቨስትመንት ምቹ ነን፣ ወጣት ኃይል አለን፣ ለገበያ ቅርብ ነን» ብሎ ይመለሳል። ይሄን እዚያ የማይል አገር የለም። ሌላው ግን አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል፦ ይህ መሬት፣ ይህ ኤሌክትሪክ መስመር፣ ትርፋችሁን በዶላር ለማውጣት ይህ መመሪያ፣ ችግር ሲገጥማችሁ የምትደውሉለት ሰው ይህ። ኩባንያ የሚያዳምጠው ሁለተኛውን ነው። ፎቶው ግን ለሁለቱም እኩል ያምራል፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ማን ይገባል? ዋጋውስ?

በግብዣ ብቻ። የፖለቲካ መሪዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ኃላፊዎች፣ ምሁራን፣ የሲቪል ማኅበራት ሰዎችና የተመረጡ ጋዜጠኞች አይከፍሉም። የሚከፍሉት ኩባንያዎች ናቸው። በተደጋጋሚ የተዘገበው የአባልነት ክፍያ በዓመት ከ60 ሺህ እስከ 600 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ነው። የዳቮሱ መግቢያ ለብቻው ነው፤ እሱም ከ20 ሺህ ፍራንክ በላይ። ሆቴሉ ሌላ፣ ትኬቱ ሌላ። የድርጅቱ ዓመታዊ ገቢ ከ400 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነው፤ አብዛኛው ከእነዚሁ አባላት።

ውስጥም መደብ አለ። ነጩ ባጅ ትልቁ ነው፤ ኮንግሬስ ማዕከሉን ይከፍታል። ከሱ በታች ሌላ ቀለም አለ፣ ከዚያም ሆቴል ብቻ የሚያስገባ አለ። ሰው ሰላም ሲልህ ዓይኑ ቀድሞ ደረትህ ላይ ነው የሚያርፈው ይባላል። ባጅ የሌለው ደግሞ ፕሮሜናድ በሚባለው ዋና መንገድ ላይ ይውላል። እዚያ ያሉት ሱቆች ለሳምንቱ ዕቃቸውን አውጥተው ለኩባንያና ለአገር ይከራያሉ፤ ትናንት ካልሲ የተሸጠበት ቤት ዛሬ የአንድ ባንክ ወይም የአንድ መንግሥት ሳሎን ይሆናል።

ለጥበቃ እስከ 5,000 ወታደር እንዲሰማራ የስዊስ ፓርላማ ፈቅዷል። ሰማዩም በከፊል ይዘጋል። ወጪውን ፌዴራል መንግሥቱ፣ ካንቶኑ፣ ከተማዋና ፎረሙ ይካፈሉታል። ሕዝቡ «የኛ ግብር ለምን?» ብሎ በየጊዜው ይጠይቃል። ትክክል ነው።

ዓለምን የሚመራ ድብቅ መንግሥት ነው የሚባለውስ?

ቴሌግራም ላይ በብዛት የሚመላለሰው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

«ምንም አይኖርህም፣ ደስተኛም ትሆናለህ» የሚለውን ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። መነሻው በ2016 አንዲት የዴንማርክ የፓርላማ አባል ስለ 2030 ከተማ የጻፈችው ምናባዊ ጽሑፍ ነው፤ ፎረሙ በቪዲዮ አሰራጨው። ዕቅድ አይደለም፣ ማንም አልፈረመበትም። በ2020፣ በኮሮናው መሐል፣ ፎረሙ ራሱ «ታላቁ ዳግም ጅማሮ» ብሎ አንድ ዘመቻ ጀመረ። በዚያ በጨነቀ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥርጣሬን ምሳ መጋበዝ ነው።

ከዚያ በጥር 2024 ዶክተር ቴድሮስ «በሽታ ኤክስ» በሚል ርዕስ መድረክ ላይ ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን «አዲስ በሽታ ሊለቁብን ነው» ተባለ። በሽታ ኤክስ ግን የበሽታ ስም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ገና ላልታወቀ፣ ወደፊት ሊመጣ ለሚችል ወረርሽኝ በ2018 የያዘው ባዶ ቦታ ነው። እንግዳ ሳይመጣ ወንበር እንደመጨመር በሉት።

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ዓለምን በድብቅ የሚገዛ ድርጅት ስብሰባውን በቀጥታ አያስተላልፍም። ግን ይህ ማለት የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት አይደለም። አሳሳቢው ኮሪደሩ ነው፤ ሚኒስትራችሁን ለግማሽ ሰዓት ያገኘው ሰው ምን ጠየቃቸው፣ ምን ብለው መለሱለት? ያንን ማንም አይነግራችሁም። የታክስ እፎይታ ሊሆን ይችላል፣ ሰላምታ ብቻም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ጉልበት በምናባዊ በሽታ ላይ ሲያልቅ ያናድደኛል።

ሀብታሞች ተሰብስበው ስለ ድህነት ማውራታቸው አያሳፍርም?

እዚያው ተቀምጠው ይህን ያሉም አሉ። በ2019 የኔዘርላንዱ የታሪክ ጸሐፊ ሩትገር ብሬግማን መድረክ ላይ ሆኖ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጉባኤ ላይ ስለ ውኃ መናገር የተከለከለ ይመስላል አለ። ውኃው ግብር ነው። ሰው በግል ጄት መጥቶ ስለ አየር ንብረት ያወራል፣ ስለ ልግስና ያወራል፣ ግብር ስለመክፈል ግን አያወራም ማለቱ ነው። በዚያው መድረክ የነበሩት ኡጋንዳዊቷ ዊኒ ቢያኒማ ያኔ የሚመሩት ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ደግሞ በየዓመቱ ልክ በዳቮስ ሳምንት የሀብት ልዩነት ሪፖርቱን ያወጣል። ሆን ብሎ ነው።

ከ2001 ጀምሮ ተቃዋሚዎችም የራሳቸውን የዓለም ማኅበራዊ ፎረም ጀመሩ፤ መጀመሪያ በብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ፣ ያውም በዚያው በጥር። ዛሬ ድምፁ ቀንሷል።

እኛ አገር ነጋዴና ባለሥልጣን የሚያገናኝ መድረክ አለ?

አለ። በ2010 የኢትዮጵያ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትና ያኔ ንግድ ሚኒስቴር ተስማምተው ያቋቋሙት የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ አለ። ኢንቨስትመንት ኮሚሽን የሚያዘጋጀው «ኢንቨስት ኢን ኢትዮጵያ»ም አለ፤ እሱ ይበልጥ የውጭ ባለሀብት ላይ ያተኩራል። የከተማና የክልል ምክር ቤቶችም የየራሳቸው አላቸው።

አንዱ ላይ ተገኝቼ አውቃለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቆይ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል ተብሎ አራት ሰዓት ተጀመረ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የቁልፍ ንግግር። ሦስቱም «የግሉ ዘርፍ የኢኮኖሚው ሞተር ነው» አሉ። ከዚያ አወያዩ «ሰዓት ስለሌለን ሦስት ጥያቄ ብቻ» አለ። የመጀመሪያው ጠያቂ ጥያቄ ሳይሆን የሕይወት ታሪኩን ተናገረ። ሁለተኛው አመሰገነ። ሦስተኛው ኤል ሲ (ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ስለመክፈት ጠየቀ፣ «የሚመለከተው አካል ያየዋል» ተባለ፤ የሚመለከተው አካል ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር።

ሻይ ዕረፍት ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። አንድ ቆዳ ላኪ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሳምቡሳ በናፕኪን ይዘው አንድ ዳይሬክተርን ጥግ ላይ አገኙ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ» አሉ። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መመሪያው፣ አንቀጹ፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በተለያየ መንገድ የተረዱት አንድ ቃል፣ ከዚያም በዚያ ቃል ምክንያት የቆመው ዕቃቸው። ዳይሬክተሩ አነበበ። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳ። «አባባ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የጠዋቱ ንግግር ሁሉ ለዚያች ሻይ የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ትንሽ ድርጅት ነው ያለኝ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ብሄድ ምን ላድርግ?

እንደ ቆዳ ላኪው አድርጉ። አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ። «የውጭ ምንዛሪ ችግር አለ» ጥያቄ አይደለም፣ ይህን ሚኒስትሩም ያውቃሉ። «በዚህ መመሪያ በዚህ አንቀጽ ምክንያት ይህን ማድረግ አልቻልኩም፣ እንዲህ ቢስተካከል ይፈታል» ጥያቄ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ በዘርፍ ማኅበራችሁ በኩል ሂዱ፤ አሥር ድርጅት የፈረመበት ወረቀት ኪስ ውስጥ አይጠፋም። ቢዝነስ ካርድ ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ካርድ ተቀበሉ፣ በማግስቱ ጠዋት መልእክት ላኩ፣ ምን እንዳወራችሁ አስታውሱት። ሰውየው ያን ቀን አርባ ሰው አናግሯል።

ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ ፎረሙ ያቋቋመው ግሎባል ሼፐርስ የሚባል የወጣቶች መረብ አለ። አዲስ አበባም ቅርንጫፍ አለው። ከዳቮስ ጋር ለመነካካት ቀላሉ በር ይሄ ነው።

«ዳቮስ ላይ እንድትሳተፉ ተመርጣችኋል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እውነት ነው?

አይመስለኝም። አንድ የአጎቴ ልጅ ይህን ዓይነት ኢሜይል ደርሶት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊመርቀው ነበር። አርማው ያምራል፣ እንግሊዝኛው ትንሽ ይንሻፈፋል፣ «ሆቴልና ትኬት በኛ፣ የቪዛ ማስኬጃ 350 ዶላር ብቻ በዚህ ስም በሐዋላ ይላኩ» ይላል። የላኪው አድራሻ ማንም በነፃ የሚከፍተው ጂሜይል ነበር። ማንም ሰው ሳያውቃችሁ፣ ሳትጠይቁ፣ በሐዋላ በግለሰብ ስም ገንዘብ ላኩ ካላችሁ ደምስሱት። ግብዣ የሚመጣው በምትሠሩበት ተቋም በኩል ነው፤ ዳቮስን በሎተሪ የሚያድል የለም።

ሳልሄድ መከታተል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ያውም በነፃ። ብዙዎቹ ውይይቶች በፎረሙ ድረ ገጽ በቀጥታ ይተላለፋሉ። ከዚያ ውጪ ማንም ነዋሪ ገብቶ መጠየቅ የሚችልበት ክፍት ፎረም የሚባል መድረክም ዳቮስ ውስጥ አለ፤ ያለ ባጅ፣ ያለ ክፍያ። እኔ ብሆን የመሪዎቹን ንግግር ትቼ ትንንሾቹን ውይይቶች ነው የምመርጠው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ዕዳ የሚያወሩ አራት ባለሙያዎች ካሜራ የማይረብሻቸው ከሆነ ደህና ነገር ይወጣቸዋል።

ስዊዘርላንድ ነው የምኖረው፤ በዚያ ሳምንት ሄጄ ልይ?

ከክፍት ፎረሙ በቀር ብትሄዱም ባዶ እጅ ናችሁ። አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ያስለቅሳል፣ መንገዱ በፍተሻ ይያዛል። ሳምንቱ ይለፍና ሂዱ። ከዙሪክ ባቡር ይዛችሁ ላንድኳርት ላይ ትቀይራላችሁ፤ ቀዩ ትንሽ ባቡር ነው ወደ ላይ የሚያወጣችሁ፣ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ፕሮሜናድ ላይ ሱቆቹ ተመልሰው ካልሲ መሸጥ ጀምረዋል።